የሹፌሩ ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር የተባለው ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው።

አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ ተሳፋሪ ሲሰድበው እንኳ መልስ የመስጠት ዕድል አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን ይዞት ይወጣና ከጎኑ፣ በወፍራም ሸራ በተሸፈነው የሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ከፊቱ ውሻ ገባበትና ፍሬኑን ረገጠው። የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ፊት ተግተልትሎ እርስ በርሱ ተላተመ።

"አንተ ሰውዬ! የጫንከው ድንች ነው እንዴ?" ብሎ አንዱ ጮኸ።

ትንሹ ልጅ ክዳኑ ላይ ቆመና ዞሮ፣ "የአባዬ ጥፋት አይደለም። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የውጭ ኃይል ካላስቆመው በስተቀር እንቅስቃሴውን ይቀጥላል" አለ።

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴትዮ፣ "ኧረ ይሄስ ፕሮፌሰር ነው!" አለች። ስሙ ከዚያች ሴትዮ አፍ ወጥቶ አባትየው ጆሮ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው አልተገኘም።

ልጁ የተናገረው ይግባው አይግባው የጠየቀ ሰው የለም። ታላቅ እህቱ ለፈተና ጮክ ብላ ስትሸመድድ ጠረጴዛ ስር ሆኖ የቃረማት ዓረፍተ ነገር ናት። አባትየው ግን አውቶቡሱ በሞላ ቁጥር፣ "ፕሮፌሰር፣ እስቲ ንገራቸው!" ይላል። ልጁ ይነግራቸዋል። ያጨበጭባሉ፤ ከረሜላ ይሰጡታል። እንዲህ ያደገ ልጅ፣ ማወቅ ማለት ሰው ፊት ቆሞ ሳይደናቀፉ መናገር ይመስለዋል።

ሁለተኛ ደረጃ ሲገባም ያንኑ ይዞ ገባ። አንድ ገጽ አንብቦ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ይወጣዋል። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የምትውለው እናቱ፣ ማታ ያበጡ ጣቶቿን ቅባት እየቀባች ስታደምጠው፣ "የኔ ልጅ ጭንቅላቱ ካሴት ነው" ትል ነበር። ምርቃቷ ነው።

የፊዚክስ መምህሩን ተማሪዎች "መጋዝ" ይሉታል። ሰው የሚቆርጠው ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ነው። የተሳሳተ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ሌላ ተማሪ ጥያቄውን ሲፈታው የቆመው ይዞርና፣ "አመሰግናለሁ፣ ከድንጋይነት አወጣኸኝ" ማለት አለበት። ድምፁ ካነሰ ይደግመዋል።

በክፍሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ የመስታወት ቆራጭ ልጅ፣ "ድንቢጥ" የሚሏት። አትናገርም። ስትናገርም የምትለው "ለምን?" ብቻ ነው። እሷና ፕሮፌሰር ከትምህርት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አብረው ያጠኑ ነበር። ቀመር ሲጠፋት እሱን ትጠይቀዋለች፤ እሱ ከነቁጥሩ፣ ከነገጹ ይነግራታል። እሷ ወስዳ ትሠራበታለች። ፕሮፌሰር መዝገበ ቃላት ነበር፤ ቋንቋውን የምትናገረው ግን ድንቢጥ ናት። አንዳንዴ እርሳሱን እጁ ላይ ታስይዘውና፣ "በቃልህ አትጥራው። ሳለው። ማን ማንን እየገፋ እንደሆነ ሳለው" ትለዋለች። መስመር ይጀምርና ይሰለቸዋል። የሚያጨበጭብለት የለማ።

የፊዚክስ ኦሊምፒያድ ማጣሪያ ፈተና ሲታወጅ ከየትምህርት ቤቱ ስድስት ተማሪ እንዲላክ ተባለ። መጋዝ የመረጣቸውን ክፍል ውስጥ ቆሞ ጠራ። ድንቢጥ መጀመሪያ ተጠራች። ፕሮፌሰር ሳይጠራ አለቀ።

"ቲቸር፣ የኔን ስም ረስተውታል መሰለኝ።"

"አልረሳሁትም" አለ መጋዝ። "አንተ ካሴት ነህ። ካሴት የተቀዳበትን ነው እንጂ የተጠየቀውን አይመልስም።"

ክፍሉ ተንጫጫ። እናቱ የምትመርቅበት ቃል በሰው አፍ ስድብ ሆኖ ሲመለስ ጆሮው ጋለ።

እቤት ሲነግራቸው ማልቀስ አልፈለገም ነበር፤ ግን አለቀሰ። አባትየው በማግስቱ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ትምህርት ቤት ደረሰ። መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። "ልጄን ከተማው በሙሉ የሚያውቀው በጭንቅላቱ ነው! አንተ ማን ሆነህ ነው የምትጥለው?"

መጋዝ ሻዩን አስቀመጠ። የሰውየውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኮሪደር ላይ የቆመውን ልጅ አየ። ፈገግ አለ።

"ይፈተን" አለ። "እኔ ብነግርዎት አያምኑኝም። ፈተናው ራሱ ይንገርዎት።"

አባትየው ያሸነፈ መሰለው። ፕሮፌሰር ግን ያንን ፈገግታ ግድግዳ ስር ቆሞ ያውቀዋል። "አባዬ፣ ይቅርብኝ" ሊል ከንፈሩን ከፈተ፤ አባቱ ትከሻውን አቅፎ ይስቅ ነበርና መልሶ ገጠመው። ስድስተኛ የነበረው ልጅ ስሙ ተሰረዘ። ሳምንቱን ሙሉ ፕሮፌሰርን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር።

ፈተናው የተሰጠው በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ክንዳቸው ላይ ትንሽ ጣውላ ያላቸው፣ ሲነኳቸው የሚንቋቁ ናቸው። ፈታኟ የላስቲክ ጫማ ያደረገች ሴት ነበረች፤ ስትመጣ አትሰማም፣ ድንገት ትንፋሿ ማጅራት ላይ ይገኛል። "አምስት ጥያቄ ነው። ካልኩሌተር የለም። ሽንት ቤት የሚሄድ ወረቀቱን አስረክቦ፣ በዚያው ወደ ቤቱ" አለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ሰንሰለት ነበር። ፕሮፌሰር የሚያውቀውን የእንቅስቃሴ ቀመር ሁሉ በሚያምር ጽሕፈት ደረደረ። አንዱም አልያዘለትም። ቁልፉ እልፍ ነው፣ በሩ ግን ቀዳዳ የለውም። ወደ ሁለተኛው አለፈ፤ በውሃ ጠብታ ውስጥ ስለሚሰበር ብርሃን። እዚያም እንደዚያው። ከፊቱ ድንቢጥ ጎንበስ ብላ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል፤ እየሳለች ነው። ከጎኗ የነበረው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ድንገት አፉን ያዘ፤ አልደረሰም፣ ወረቀቱ ላይ አስመለሰው። ፈታኟ ጨርቅ አምጥታ ወረቀቱን ጠረገችና እርጥቡን መልሳ ፊቱ አኖረችለት። "ትርፍ ወረቀት የለም" አለች። ልጁ አፍንጫውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መጻፍ ቀጠለ።

ፕሮፌሰር ሦስተኛውን ጥያቄ ሲያነብ ጮክ ብሎ ሳቀ። ፈታኟ ማጅራቱ ላይ ደረሰች።

"ምን ያስቅሃል?"

"ምንም፣ ምንም። ስለማውቀው ነው።"

ጥያቄው ስለ አውቶቡስ ነበር። በርና መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከአየር በቀለለ ጋዝ የተሞላ ፊኛ በክር ከወለሉ ጋር ታስሯል። አውቶቡሱ ወደ ፊት እየሄደ ሳለ ፍሬን ይይዛል። ፊኛው ወዴት ያዘነብላል? ለምን? በምን ያህል ማዕዘን?

ወዴት ይላል እንዴ! ፕሮፌሰር ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመልስ ነው የኖረው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል፣ ብሎ ጀመረ። ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚደፋ ሁሉ ፊኛውም ወደ ፊት ይሄዳል፣ ብሎ ገጹን ሞላው። ማዕዘኑን ተወው። አራተኛውና አምስተኛው ላይም ቀመር ደርድሮ ወረቀቱን ሲያስረክብ ልቡ ሙሉ ነበር። ደስታው ከዚያች አንዲት ገጽ የመጣ ነው።

ከኮሌጁ ደጅ ሲወጡ የአባቱ አውቶቡስ ቆሟል። መስመሩ በዚያ ያልፋል፤ ተሳፋሪውን እያስጮኸ፣ ሰዓቱን እያሳለፈ ልጁን ሲጠብቅ ነበር። ስድስቱም ተሳፈሩ። ተማሪዎቹን ይዞ የመጣው መጋዝም ከኋላቸው ገባና መካከለኛው በር አጠገብ ቆመ።

"እህስ፣ ፕሮፌሰር?" አለ አባትየው።

"ቀላል ነው፣ አባዬ! አንዱማ ስላንተ አውቶቡስ ነው የተጠየቅነው።"

ይህ በቃው። አባትየው ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። "ሰማችሁ? በአገር አቀፍ ፈተና ላይ የኔ አውቶቡስ ተጠየቀ! ንገራቸው እስቲ!"

ፕሮፌሰር ነገራቸው። ድምፁ ጎርንኗል እንጂ አነጋገሩ የሞተር ክዳን ላይ ከነበረው አልተለወጠም። ጥቂቶች አጨበጨቡ። አባትየው ዓይኑን ወደ ድንቢጥ ወረወረ። "አንቺስ፣ የኔ ልጅ? እንደሱ ብለሽ ጻፍሽ?"

ድንቢጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። መዋሸት አታውቅም፤ ዝም ማለት ትችል ነበር፣ ግን ተጠይቃለች። "አይ ጋሼ። ፊኛው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።"

"ወደ ኋላ?" አባትየው ሳቀ፤ አውቶቡሱም አብሮት ሳቀ። "እኔ ይሄን ፍሬን ስረግጥ ኖሬ፣ ወደ ኋላ የሄደ ነገር አይቼ አላውቅም! መምህር፣ ይሄን ነው እንዴ የሚያስተምሩት?"

መጋዝ የእጅ መያዣውን ብረት ጨብጦ፣ "ፊዚክስ በጩኸት አይፈታም" አለ ቀስ ብሎ። "መናፈሻው በር ላይ ፊኛ ይሸጣል። ተገዝቶ ይሞከር።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አባትየው፣ "ይሞከራ!" አለ።

መናፈሻው በር ላይ አቆመ፤ ወርዶ ቀይ ፊኛ ገዛና ክሩን ከወለሉ የወንበር ብሎን ጋር በእጁ አሰረው። "መስኮት ዝጉ! በር ዝጉ!" አለ። ሰው ተንጠራርቶ ዘጋለት። ሁሉም ትርዒት ያማረው ይመስል ነበር። ፊኛው መተላለፊያው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፕሮፌሰር ከኋላው፣ ድንቢጥ ከጎኑ። ድንቢጥ ድንገት ነገሩ ገባትና፣ "ጋሼ፣ ሰዎቹ ብረቱን ይያዙ!" ብላ ጮኸች። የሞተሩ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው።

አባትየው መንገዱ ሲለቀቅለት ነዳጁን ሰጠው፤ ከዚያ በሁለት እግሩ የቆመበት ያህል ፍሬኑን ረገጠ።

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሄደ። ቦርሳው ሄደ፣ የገበያ ዘንቢሉ ሄደ፣ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ፊኛው ብቻ፣ ሰው ከኋላ እንደጠራው፣ ወደ ኋላ ተጋደመና የፕሮፌሰርን ፊት መታው።

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ፕሮፌሰር፣ ፊኛው ሳመህ!" አለ። ሳቁ ግን ወደ ፊት ሳይደርስ ተቋረጠ። ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ አፋቸው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ነበር። መሀረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያነሱት የፊት ጥርሳቸው መሀረቡ ላይ ቀረ። ደሙን ሳይሆን ጥርሱን ነበር የሚያዩት።

መጋዝ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። እንዲያውም ከሁሉም በፊት የወረደው እሱ ነው።

አሮጊቷ ከሰሱ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው በተራቆተ ድዳቸው፣ "ለፊኛ ብሎ ነው ጥርሴን ያወለቀው" አሉ። የኮሚቴው አባላት ሳቃቸውን ሊይዙ አንገታቸውን ደፉ፤ አባትየው ያንን አየ። ከቅጣቱ ይልቅ ያ ነው የገደለው። መሪውን ተነጠቀና የጋራዡ ዘበኛ ተደረገ። ጠዋት ጠዋት ሌሎች ለሚነዷቸው አውቶቡሶች በር ይከፍት ጀመር።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባትየው ከሳህኑ ቀና ሳይል፣ "ሰው በገዛ ቤቱ ጠላት ያሳድጋል" አለ።

ፕሮፌሰር ማንኪያውን አስቀመጠ።

ፀጉር ሠሪ የሆነችው ታላቅ እህቱ አልቻለችም። "ፊኛውን የገዛኸው አንተ ነህ፣ አባዬ።"

በጥፊ መታት። ከዚያ በፊት እጁን አንስቶባት አያውቅም። እናትየው ተነስታ ጓዳ ገባች፤ የታጠፈ ልብስ ዘርግታ መልሳ ስታጥፍ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አባትየው ልጁን በስሙም በቅጽሉም አልጠራውም። "ያ" ይለዋል። "ያ ውሃ ያምጣ።" "ያ በሩን ይዝጋ።"

ውጤቱ ሲመጣ መጋዝ ክፍል ውስጥ አነበበው። ድንቢጥ አልፋለች፤ ከትምህርት ቤቱ ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። አጨበጨቡላት። የሌሎቹን እያፈጠነ አለፈና የፕሮፌሰር ላይ ሲደርስ ቆመ። "ሁለት ከሃምሳ። ሁለቱን ያገኘኸው በጽሕፈትህ ይመስለኛል፤ ቆንጆ ነው።" ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠና፣ "ተነስ" አለው። "ሦስተኛውን ጥያቄ ተሳስተሃል። ድንቢጥ መልሳዋለች። ደንቡን ታውቀዋለህ።"

ፕሮፌሰር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀለሙ የተላጠ፣ የሰው ግንባር ያወዛው ግድግዳ። ከኋላው ድንቢጥ፣ "ቲቸር፣ ይተውት፣ እባክዎ" ስትል ሰማት። መጋዝ፣ "አንቺ አልተጠየቅሽም" አላት።

ዞረ። ድንቢጥ ጠረጴዛዋን ታይ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ ከድንጋይነት አወጣሽኝ።"

"አልተሰማም።"

ደገመው። ሦስተኛ ጊዜም አስደገመው። ደረጃው ላይ አብረው መቀመጣቸው በዚያው ቀረ፤ ማንም ማንንም አልተቀየመም፣ ግን እንዴት ይቀመጣሉ? ድንቢጥ በዓመቱ ለኦሊምፒያዱ ተመርጣ ሄደች። በጊዜው የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እዚያው ማስተማር ጀመረች ተባለ። ፕሮፌሰር ይህንን የሰማው ትኬት ሲቆርጥላት ከእናቷ ነው።

አዎ፣ ትኬት ቆራጭ ሆነ። የአባቱ ደመወዝ ሲቀንስ የእናቱ ብቻውን ቤቱን አልያዘም፤ ድርጅቱ የሠራተኛ ልጅ ሲቀጥር ተመዘገበ። የመጀመሪያውን ወር እንዴት እንዳለፈው እሱ ነው የሚያውቀው። የፊኛውን ነገር ከሹፌር እስከ ጎማ ለጣፊ ያልሰማ የለም። ተሳፋሪውም ያውቃል። "ፕሮፌሰር፣ ፊኛው ወዴት ነው?" ይሉታል። በኋላ መላ ዘየደ፤ ሳይጠይቁት ይቀድማቸዋል። "ፊኛው ወደ ኋላ! እናንተም ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላል። ይስቃሉ፤ ይጠጋሉም። በራስ ላይ መሳለቅ እንደሌላው ሥራ ሁሉ ይለመዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት አውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲሄድ አንዲት ነርስ የውሃ ጠርሙሷን ወንበር ላይ አጋድማ ረስታው ወረደች። ውሃው ሙሉ ነው፤ ከላይ ትንሽ የአየር አረፋ አለችው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ውሃው ወደ ፊት ሲገፋ አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ፕሮፌሰር ጠርሙሱን አንስቶ በእጁ ይዞ ቀጣዩን ፍሬን ጠበቀ። እንደገና ሸሸች። ተቀመጠ። ከባዱ ወደ ፊት ሲከመር ቀላሉ ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይገፋል። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው አየር ከፊኛው ይከብዳል፤ አየሩም እንደ ተሳፋሪው ወደ ፊት ሄዶ ነበር፤ ማንም አላየውም እንጂ። ማንም ያልነገረው፣ ከማንም ያልቃረመው ነገር ነበር። ትኬቱ ጀርባ ላይ ቀስቶች ሳለ፤ ማን ማንን እንደሚገፋ።

ሲመሽ ጋራዡ በር ላይ አባቱ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ፕሮፌሰር ጠርሙሱን እንደያዘ ወረደና፣ "አባዬ፣ ያ ነገር ለምን ወደ ኋላ እንደሄደ ዛሬ ገባኝ። ተመልከት፣ አየሩ..." ብሎ ጀመረ።

አባትየው የጠርሙሱን ውሃ አየ። ተቀብሎት ክዳኑን ፈታና በዝግታ መሬት ላይ ደፋው። ባዶውን መለሰለት። "አልፈህ ግባ፣ በሩን ልዝጋ" አለው።

አባትየው ጡረታ ሲወጣ ድርጅቱ በግምገማ አዳራሹ ውስጥ ትንሽ መሰናበቻ አዘጋጀ። ለስላሳ ነበር፣ ብስኩት ነበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተጠቅልሎ ቀረበ። ኃላፊው ልባም ሰው አልነበረምና፣ ወይም ነበረ ይሆናል፣ "የአባትህን ነገር እስቲ አንተ ንገረን" ብሎ ፕሮፌሰርን አስነሳው። ፕሮፌሰር ይህ እንደሚመጣ ጠርጥሮ አንድ ንግግር ሲያሰላስል ሰንብቷል። ስለ አባቱ እጅ ነበር፤ መሪው ላይ እንዴት ይቀመጥ እንደነበር፣ ዝናብ ሲጥል ፌርማታውን አልፎ አሮጊቶችን ደጃቸው እንዴት ያወርድ እንደነበር። እናቱ የበዓል ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ እህቱም ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታለች።

"አባቴ..." አለ።

ከኋላ አንዱ፣ "ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ!" አለና ሳቅ ሆነ። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሊቀጥል አፉን ሲከፍት አባትየው ከወንበሩ ላይ እጁን አነሳ። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ፊት ስለ ልጁ ሲናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

"አስቀምጡት" አለ። "የሚለው ሁሉ ሽምደዳ ነው። ከሰው የሰማውን ነው።"

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። እናትየው ዞር ብላ ባሏን አየችው። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገና ለስላሳው ይከፈት አለ። ፕሮፌሰር ተቀመጠ። እህቱ ከጎኑ ሆና ክንዱን ብትይዘው፣ "ተይኝ፣ ደህና ነኝ" አላት፤ የለስላሳዋን ጠርሙስም ከፈተላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ ነበር። አባትየው የተጠቀለለውን ሰዓት ጭኑ ላይ አድርጎ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር የኋላው በር ጋ ቆመ። የሥራ ባልደረባው የሆነው ትኬት ቆራጭ መጥቶ፣ "የአባትህንም ልቁረጥ?" ሲለው፣ "የሱን እሱን ጠይቀው" አለ።